ባዶ ቀለሃ፤ የናስ ጥይት ቅርፊት አጠባበቅና አዘገጃጀት በኢትዮጵያ

በአገራችን ስለ ጠመንጃ ብዙ ተጽፎአል፤ ስለ ቀለሃ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ጠመንጃ የሹመትና የሽልማት ምልክት፣ የፉከራና የክብር መሣሪያ ስለ ሆነ የታሪክ ጸሓፊውም የባላገሩም ዓይን ወደ እርሱ ያዘነብላል። ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ተርፎ የሚወድቀውን የናስ ቅርፊት ግን ማንም እንደ ቁም ነገር አይቈጥረውም። ሆኖም ውጅግራ በነገሠበት ዘመን ጠመንጃ የያዘ ሰው ተጠንቅቆ ያኖረው የነበረው ይህንኑ ቅርፊት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ባሩዱን በአገሩ አስቀምሞ፣ አረሩንም እርሳስ አስቀልጦ ሊያገኝ ይችል ነበር፤ ቀለሃውን ግን በመዶሻና በወናፍ ሊሠራለት የሚችል ባለ እጅ አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። አንደኛው ቀለሃ ምን እንደ ሆነና ለምን ከናስ እንደሚሠራ፣ ሁለተኛው ባዶው ቀለሃ እንዴት እየተሰበሰበ ዳግመኛ ለመሞላት ይዘጋጅ እንደ ነበረ፣ ሦስተኛውም ይህ ልማድ ከቀረ በኋላ ቀለሃው ወዴት እንደ ደረሰ ነው። በነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚታየው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው አጥብቆ የሚያኖረው ራሱ ሊሠራው የማይችለውን ዕቃ መሆኑ ነው። ስለዚህ የአንድን ዘመን የእጅ ጥበብ ወሰን ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ፣ በዚያ ዘመን የተሠራውን ብቻ ሳይሆን የተለቀመውንም መመልከት አለበት።

1. የጥይት ክፍሎችና የቀለሃ ሥራ

ባለ ናስ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ቀለሃ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር ናቸው። ካፕሱል የሚባለው በቀለሃው መቀመጫ መካከል የሚገባ፣ በጠመንጃው መርፌ ሲመታ እሳት የሚሰጥ ትንሽ የመዳብ ክዳን ነው። እሳቱ በቀለሃው መቀመጫ ባለው ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያነድዳል፤ ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝም አረሩን በአፈሙዙ በኩል ይገፋዋል። ከአራቱ ክፍሎች ሦስቱ በአንድ ተኩስ ያልቃሉ። ቀለሃው ብቻ ይተርፋል።

የቀለሃ ሥራ ባሩዱን ከእርጥበት መጠበቅና አረሩን መያዝ ብቻ አይደለም። ዋናው ሥራው በተኩስ ጊዜ ጠመንጃውን በስተኋላ መዝጋት ነው። የጋዙ ግፊት የቀለሃውን ግድግዳ ለጥጦ ከጠመንጃው ክፍል ጋር ያጣብቀዋል፤ በዚህም ምክንያት ነበልባሉ ወደ ተኳሹ ፊት አይመለስም። ግፊቱ ሲቀንስ ናሱ በመጠኑ ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በቀላሉ ተስቦ ይወጣል። መለጠጥንና መመለስን አጣምሮ የያዘ ብረት ማግኘት ቀላል አይደለም። ለዚህ የሚስማማው ከመቶ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ የሆነው ናስ ነው።

ከናሱ ቀለሃ በፊት የነበረውን ችግር ለማየት የፈረንሳይን ጠመንጃ ታሪክ መመልከት ይበቃል። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1866 የወጣው ሻስፖ የሚባለው ጠመንጃ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነበረ፤ ኋላውንም የሚዘጋው በመቆለፊያው ላይ ያለ የጎማ ቀለበት ነበረ። ጎማው በሙቀት ቶሎ ይበላሽ ስለ ነበረ፣ ባዚል ግራ የተባለው የጦር መኰንን በ1874 ጠመንጃውን ለናስ ጥይት እንዲሆን አድርጎ ለወጠው። የዚህ ጠመንጃ ጥይት አረሩ 11 ሚሊሜትር ውፍረትና 25 ግራም ክብደት፣ ቀለሃውም 59 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ የሚሉትን የኢትዮጵያ ሰው በአንደበቱ አስማምቶ ውጅግራ አለው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልጠፋም።

2. አንጥረኛው ቀለሃ ለመሥራት ያልቻለበት ምክንያት

የኢትዮጵያ አንጥረኛ ናስ የማያውቅ ሰው አልነበረም። መስቀል፣ ጸናጽል፣ ቃጭልና ጌጣጌጥ ሲሠራ ኖሮአል። ታዲያ ጥበቡ ቀለሃ ላይ ሲደርስ ለምን ቆመ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መልሱ ቅርፁ በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው። መስቀል ብዙውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ወይም ተቀጥቅጦ የሚቀረጽ ነው። ቀለሃ ግን እንደዚህ አይሠራም። በፋብሪካ መጀመሪያ ክብ ጠፍጣፋ ናስ ይቈረጣል፤ በመጭመቂያ መሣሪያ እንደ ጽዋ ይጐደጉዳል፤ ከዚያም በየጊዜው እየጋለና እየለሰለሰ፣ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ቅርጽ ደጋግሞ ይሳባል። በመጨረሻ አፉ ቀጭንና ለስላሳ፣ መቀመጫው ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ ይወጣል። ቀልጦ የፈሰሰ ናስ በውስጡ የአየር ቀዳዳ ስለሚቀርበትና እንዲህ ያለ ልዩነት ስለሌለው፣ እንደ ቀለሃ ቀጥኖ ቢሠራም በተኩስ ጊዜ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንጥረኛው ያጣው ብልሃት ወይም ናስ አልነበረም፤ ያጣው ከባድ መጭመቂያና ልኩ የማይዛነፍ የብረት ቅርጽ ነው። ሊሠራው ያልቻለውን ቀለሃ ግን ሊጠግነው ይችል ነበር፤ የሚቀጥለውም ታሪክ የዚህ ጥገና ታሪክ ነው።

3. ባለ ቀለሃ ጠመንጃ በኢትዮጵያ

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተጋጠመ ጊዜ፣ የእንግሊዝ እግረኛ ስናድር ይዞ ነበር። አንዱ ወገን ከአፈሙዝ በኩል እየጐሰረ፣ ሌላው ወገን ከኋላ በኩል እያጐረሰ የተታኰሰበት ውጊያ ስለ ነበረ ልዩነቱ በግልጽ ታየ። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን የስናድር ቀለሃ ከቀጭን የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ በብረት መቀመጫ ላይ የተጣበቀ እንጂ እንደ ኋለኞቹ ወጥ ሆኖ የተሳበ ስላልነበረ፣ ብዙ ጊዜ ለመሞላት የሚበቃ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ድል በሆነ ጊዜ ብዙ ረሚንግተን ጠመንጃ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። ውጅግራ የበዛው ግን ፈረንሳይ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ጠመንጃ ከተቀበለች በኋላ ነው። አሮጌው መሣሪያ ከጦር ግምጃ ቤት እየወጣ በነጋዴ እጅ ተሸጠ፤ በቀይ ባሕርና በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩልም ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ጊዜ ደግሞ የጣሊያን ወታደር የያዘው ቬተርሊ የተባለው ባለ 10.4 ሚሊሜትር ጠመንጃ ከምርኮው ጋር ተጨመረ።

እንግዲህ በአንድ ሠራዊት ውስጥ ስናድር፣ ረሚንግተን፣ ውጅግራና ቬተርሊ ጎን ለጎን ተሰለፉ። የአንዱ ቀለሃ ለሌላው አይሆንም። ጠመንጃ ኖሮት የጠመንጃውን ቀለሃ ያጣ ሰው የያዘው ከዱላ የማይሻል ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ኀይል በጠመንጃ ቍጥር ብቻ መመዘን ያሳስታል፤ ከጠመንጃው ጋር የሚስማማ ቀለሃ ስንት ነበረ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

4. አሰባሰብና አዘገጃጀት

የውጭ አገር ተጓዦች በጻፉአቸው መጻሕፍት የኢትዮጵያ ወታደር የተኰሰበትን ቀለሃ እንደማይጥል፣ በአገር ባሩድም እያስሞላ ደጋግሞ እንደሚተኩስበት ይነገራል። የጠመንጃው ጠባይም ለዚህ ይረዳ ነበር። ውጅግራ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ ስለ ሆነ፣ ተኳሹ መቆለፊያውን ራሱ ሲስበው ባዶው ቀለሃ በእጁ አጠገብ ይወጣል። እንደ ዛሬው መሣሪያ ወደ ሩቅ ተወርውሮ በሣር ውስጥ አይጠፋም።

ቀለሃን ለዳግም ሙሌት የማዘጋጀት ሥራ በየትም አገር ቢሠራ ከናሱ ጠባይ የተነሣ አንድ ዐይነት ሥርዓት አለው።

መጀመሪያው መለየት ነው። ቀለሃ በየጠመንጃው ዐይነት ብቻ ሳይሆን ቢቻል በየጠመንጃው ይለያል። በአንድ ጠመንጃ የተተኰሰ ቀለሃ የዚያን ጠመንጃ ውስጥ ልክ ይይዛል፤ ስለዚህ ወደዚያው ጠመንጃ ሲመለስ ሳይታገል ይገባል፤ ዳግመኛ የሚለጠጠውም ጥቂት ስለ ሆነ ዕድሜው ይረዝማል።

ሁለተኛው ማጠብ ነው። ጥቁር ባሩድ ነድዶ የሚተወው ጥላሸት ጨው አለበት፤ ጨውም ከአየር እርጥበት እየሳበ ናሱን ይበላል። ስለዚህ ቀለሃው ሳይውል ሳያድር ያለፈበት ካፕሱል በቀጭን ሹል ብረት ተገፍቶ ይወጣል፤ ውስጡም በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ሎሚን የመሰለ ቀላል ኮምጣጣ ነገር ዝገቱን ያነሣል፤ ነገር ግን ብዙ ከቈየበት ከናሱ ውስጥ ዚንኩን እየመጠጠ ቀይ መዳብ ብቻ ያስቀራል። የቀላ ቀለሃ የደከመ ቀለሃ ነው። ከታጠበ በኋላ በጥላ ወይም በፀሐይ ይደርቃል እንጂ በፍም ላይ አይጣልም።

ሦስተኛው መመርመር ነው። በአፉ ላይ ስንጥቅ አለ ወይ፣ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ እንደ ቀለበት የሚያብረቀርቅ መሥመር ይታያል ወይ፣ የካፕሱሉ ቤት ሰፍቶአል ወይ ተብሎ ይታያል። ከሁሉ የሚያስፈራው ቀለበቱ ነው። ይህ መሥመር ግድግዳው በውስጥ በኩል እንደ ሳሳ ያመለክታል፤ እንዲህ ያለው ቀለሃ በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በጠመንጃው ውስጥ ይቀራል። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ በውስጡ ሲጐተት ጐድጓዳው መሥመር በእጅ ይታወቃል።

አራተኛው ማቅናትና ማለስለስ ነው። የተጨረመተ አፍ በልኩ በተሠራ ክብ ብረት ይቃናል። ናስ በተለጠጠና በተመታ ቍጥር እየጠነከረ፣ በመጨረሻም እንደ ሸክላ እየተሰበረ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንገቱ በእሳት መለስለስ አለበት። እዚህ ላይ የብረትና የናስ ጠባይ ይለያያል። ማረሻና ጎራዴ የሚሠራ ቀጥቃጭ የጋለ የብረት ስለት በውሃ ሲነከር እንደሚጠነክር ያውቃል፤ ናስ ግን ጋሎ በውሃ ቢነከርም ለስላሳ እንደ ሆነ ይቀራል። በብረት የሠለጠነ እጅ ናስን ሲይዝ ይህን አዲስ ሕግ መማር ነበረበት። ሌላም ጥንቃቄ አለ። መለስለስ የሚገባው አፉና አንገቱ ብቻ ነው። መቀመጫው ከለሰለሰ የጋዙን ግፊት መቋቋም ተስኖት ተኳሹን ይጐዳል። ስለዚህ ቀለሃው ግማሽ አካሉ በውሃ ውስጥ ቆሞ አፉ ብቻ እንዲሞቅ ይደረጋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ሁሉ በአገር መሣሪያ ሊፈጸም የሚችል ነው። ካፕሱሉ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ነበረ። በዚህም ረገድ ቀለሃና ካፕሱል የአገሩ ጥበብ የሚያቆምባቸው ሁለት ወሰኖች ናቸው፤ ልዩነታቸው ካፕሱሉ በየተኩሱ የሚያልቅ፣ ቀለሃው ግን በጥንቃቄ ዕድሜው የሚራዘም መሆኑ ነው።

5. ቀለሃ የሚሞትበት ምክንያት

በደንብ የተያዘም ቀለሃ ለዘላለም አይኖርም። መጠንከሩና መሳሳቱ ከላይ ተነግሮአል። ከነዚህ ሌላ ለዓይን የማይታዩ ሁለት ጠላቶች አሉት።

አንደኛው ባዜቃ፣ በሌላ ስሙ ሜርኩሪ ነው። የጥንቱ ካፕሱል እሳት የሚሰጠው ከባዜቃ በተሠራ ፈንጂ ውሁድ ነበረ። ሲተኰስ ባዜቃው ተለይቶ ከናሱ ጋር ይዋሐድና ናሱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ጥቁር ባሩድ ብዙ ጥላሸት ስለሚተው ባዜቃው በጥላሸቱ ተይዞ አብሮ ይታጠባል፤ ጢስ አልባ ባሩድ ግን ጥላሸቱ ጥቂት ስለ ሆነ ባዜቃው በቀጥታ ናሱን ያገኘዋል። ስለዚህ የአሮጌው ውጅግራ ቀለሃ ከእርሱ በኋላ ከመጡት ከብዙዎቹ ይልቅ ደጋግሞ ለመሞላት የተመቸ ነበረ።

ሁለተኛው ጠላት አሞኒያ ነው። በእንግሊዝ ግዛት በነበረችው ህንድ በክረምት ወራት በፈረስ ጋጥ አጠገብ የተከማቸ ጥይት ማንም ሳይነካው እየተሰነጠቀ ይገኝ ነበር። ምክንያቱ ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ቈይቶ፣ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1921 ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች አብራርተው ጻፉ። ከከብቱ ሽንት የሚነሣው አሞኒያ ከእርጥበት ጋር ሆኖ፣ በአሠራሩ ጊዜ በናሱ ውስጥ ከቀረው ውጥረት ጋር ሲገናኝ ቀለሃውን ይሰነጥቀዋል። በገጠር ቤት ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ስፍራ የኖረን አሮጌ ጥይት የሚመረምር ሰው ይህን ነገር ማሰብ ይገባዋል።

6. ጥይት በገበያ

ጥይት በጠመንጃ ብቻ ሳይሆን በገበያም ያገለግል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው ብር ካሠሩ በኋላም ቢሆን በብዙ አገር የሚሠራበት ትልቁ ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ። ለጥቃቅን ግዢ አሞሌ ጨውና ጥይት በዝርዝር ገንዘብነት ይሰጡ ነበር፤ በተለይ የውጅግራ ጥይት በዚህ የታወቀ ነው። የጥይቱ ምንዛሪ እንደ አገሩ ርቀትና እንደ ዕቃው እጥረት ከፍና ዝቅ ይል ነበር።

ይህ ልማድ ስለ ቀለሃ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በፋብሪካ የተሞላውና በአገር ቤት የተሞላው ጥይት መልኩ ይመሳሰላል፤ ጥቅሙ ግን እኩል አይደለም። በገንዘብነት የሚቀበለው ነጋዴ ተኩሶ ሊፈትነው አይችልም፤ ቢተኩሰው ገንዘቡን ያጠፋዋል። ስለዚህ የናሱ መልክ፣ የካፕሱሉ አቀማመጥና የአረሩ አያያዝ የመተማመኛ ምልክት ሆኑ። አሞሌ እንዳይቀልጥና እንዳይሸራረፍ እንደሚጠበቅ ሁሉ፣ ጥይትም ንጹሕና ያልተጨረመተ እንዲሆን የሚያስፈልገው ለተኩስ ብቻ አልነበረም።

7. የልማዱ መጨረሻና የቀለሃው አዲስ ኑሮ

ይህን ልማድ ያስቀረው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ጢስ አልባ ባሩድ መጣ፤ እርሱም በኬሚካል ፋብሪካ የሚሠራ ስለ ሆነ እንደ ጥቁሩ ባሩድ በአገር ሙቀጫ ሊቀመም አይችልም፤ ግፊቱም ከጥቁሩ እጅግ ይበልጣል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን የአርበኛው ዋና የጥይት ምንጭ ከጠላት የሚማረከው ነበረ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ክላሽንኮቭ በብዛት ከገባ በኋላ ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ተለወጠ። የዚህ መሣሪያ ቀለሃ አብዛኛው ከናስ ሳይሆን ከብረት የተሠራ ነው፤ ሲተኰስም ወደ ሩቅ ይወረወራል፤ ከወደቀ በኋላ ይዝጋል። ለመሞላትም ለመቅለጥም አይመችም። ስለዚህ በጥቂት አሠርት ዓመታት ውስጥ ቀለሃ ከሀብትነት ወደ ጥራጊነት ተለወጠ።

ናሱ ግን ሌላ ኑሮ አገኘ። በደቡብ ኦሞ በሐመርና በአጎራባቾቹ ሕዝቦች ዘንድ ባዶ ቀለሃ ከጨሌ ጋር ተሰክቶ ጌጥ ሆኖ ይታያል። በአዲስ አበባም የጥይትና የመድፍ ቀለሃ እያቀለጡ ዶቃና ሐብል የሚሠሩ ባለ እጆች አሉ። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። አያቱ ሊሠራው ስላልቻለ በእሳት አጠገብ ሲያልፍ እንኳ የሚጠነቀቅለትን ቀለሃ፣ የዛሬው ባለ እጅ ወደሚያውቀው ጥበብ፣ ወደ ማቅለጥና ወደ ማፍሰስ መለሰው። የእጅ ጥበቡ ወሰን ያው ነው፤ የተለወጠው የዕቃው ዋጋ ነው።

8. ለተመራማሪው የሚጠቅም ማስታወሻ

ቀለሃ ሲቀልጥ ከናሱ ጋር የሚጠፋ ማስረጃ አለ። በብዙ ቀለሃ መቀመጫ ላይ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ተቀርጾአል። አንድ ቀለሃ ከየት እንደ ተገኘ ተጽፎ ከተያዘ፣ የትኛው አገር ጥይት በየትኛው ዘመን እስከ የትኛው ወረዳ እንደ ደረሰ ይመሰክራል። በአፉ ላይ ያለ የሞረድ ምልክት፣ በካፕሱሉ ቤት ዙሪያ ያለ ጭረት፣ ቀንሶ የተቈረጠ አንገት በአገር እጅ ተዘጋጅቶ ዳግመኛ እንደ ተሞላ ሊያመለክት ይችላል። እንዲህ ያለውን ምልክት በጽሑፍ የተተወ ታሪክ አይተካውም፤ ምክንያቱም ቀለሃ ሲያጥብና ሲያቃና የነበረው ሰው ታሪኩን አልጻፈም።

ስለዚህ በየአገሩ ለጥናት የሚወጣ ተማሪ ቀለሃ ሲያገኝ ከማንሣቱ በፊት ስፍራውን ይጻፍ፤ ርዝመቱንና የአፉን ስፋት ይለካ፤ የመቀመጫውን ጽሕፈት ይቅዳ፤ ባለቤቱ ቀለሃውን በምን ስም እንደሚጠራውና ከማን እንዳገኘው ይጠይቅ። መልኩ እንዲያምር ብሎ አይወልውለው፤ ዝገቱና ጥላሸቱም ማስረጃ ናቸውና። ያልተተኰሰ አሮጌ ጥይት ካገኘ ግን አይንካው፤ ካፕሱሉ ከመቶ ዓመት በኋላም ሊነድድ ይችላል። ጥይትን መሙላትም የጥናት ክፍል አይደለም፤ የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 የሚዳኝ ነው።

በየቤቱ በአሮጌ ዝናር ውስጥ፣ በሣጥን ሥርና በግድግዳ ስንጥቅ የተረሳ ባዶ ቀለሃ ዛሬም ይገኛል። አቅላጩ በኪሎ ይገዛዋል። ከእርሱ ቀድሞ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ከደረሰ ግን፣ ያ የናስ ቅርፊት ስለ ንግድ መንገድ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ባለ እጁ ብልሃትና ስለ ብልሃቱ ወሰን የሚናገረው ብዙ ነው።